ኮሌጅ መግባት አንድ ነገር፣ ኮሌጅ መጨረስ ሌላ ነገር



በካምፓችን ውስጥ አንድ ልጅ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ደረሰው ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ዘመዱ ይሆናል። ቡና ይፈላል፣ እልልታ ይሰማል፣ ታናናሾቹም ያን ሳምንት ደብተራቸውን አጥብቀው ይይዛሉ። ይህ ደግ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን «ያ ልጅ ጨረሰ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ኮሌጅ የገባ ተማሪ ለምን ሳይጨርስ ይቀራል? እንዲጨርስስ መንግሥት ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ምሳሌዎቹን የምወስደው ከአሜሪካ ነው። ይህን የማደርገው «ነገ አሜሪካ ትሄዳላችሁ» ብዬ ተስፋ ለመስጠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ እንዳገደ ታውቃላችሁ። ምክንያቴ ሌላ ነው። በዚያ አገር አንዳንድ ከተሞችና ክፍለ ግዛቶች ይህንኑ ጥያቄ በቁጥር መርምረውታል። የተገኘው ውጤት ናይሮቢም ሆነ ካምፓላ፣ አዲስ አበባም ሆነ አትላንታ ለሚማር ልጅ ይጠቅማል። ደግሞም ቀድመው የሄዱ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ዛሬ በዚያ ኮሌጅ ውስጥ ናቸው። ወላጆች፣ በስልክ የምትመክሯቸው እነርሱን ነው።

በመጀመሪያ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚባለውን እንወቅ። ይህ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። በየአካባቢው ስለሚገኝ ተማሪው ከቤቱ እየተመላለሰ ይማራል፤ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ ማለት ይቻላል ይገባበታል። ትምህርቱ የሚለካው በክሬዲት ነው። ብዙውን ጊዜ 60 ክሬዲት ያጠናቀቀ ተማሪ «አሶሼየት ዲግሪ» ይቀበላል፤ ከፈለገም ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። በአንድ ሴሚስተር 12 ክሬዲት ወይም ከዚያ በላይ የያዘ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል። ይህችን 12 ቁጥር ያዟት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የመግቢያው በር ሰፊ ነው። ችግሩ ያለው ከገቡ በኋላ ነው። ተማሪው ማታ ማታ ይሠራል። የሚያማክረው ስለሌለ ለዲግሪው የማይቆጠር ኮርስ ይመዘገባል። አንድ ቅጽ ሳይሞላ ቀኑ ያልፍበታል። በወሩ መጨረሻ የአውቶቡስ ገንዘብ ያጥረዋል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ትምህርት አያስጥልም። ሦስቱ በአንድ ወር ውስጥ ሲመጡ ግን ተማሪው ዝም ብሎ ይጠፋል። የጠፋ ተማሪ ደግሞ ስላልተባረረ ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ ስለዚህ የት ደረሰ ብሎ የሚፈልገው የለም። ሰነፍ ነበር ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሲያቋርጡ ውጤታቸው ደህና ነበር።

እዚህ ላይ «አድቫይዘር» ወይም የትምህርት አማካሪ የሚባለው ሰው ሥራ ይጀምራል። ሥራው ማስተማር አይደለም። ተማሪው የትኛውን ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር መውሰድ እንዳለበት፣ የትኛው ቅጽ መቼ እንደሚሞላ፣ ውጤቱ ሲወርድ ወዴት መሄድ እንደሚገባው ይነግረዋል። ቁም ነገሩ አማካሪ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ አንዱ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደያዘ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በተደረገ ጥናት፣ በተለመደው አሠራር አንዱ አማካሪ ከ600 እስከ 1,500 ተማሪ ይደርሰው እንደነበረ ተጽፏል።

እስቲ ይህን በሒሳብ እንየው። አንድ ሴሚስተር 15 ሳምንት ነው እንበል። አማካሪው በሳምንት 40 ሰዓት ሳይቀመጥ ሳይነሣ ተማሪ ብቻ ያነጋግር። 15 ሲባዛ በ40፣ 600 ሰዓት ይሆናል፤ በደቂቃ 36,000። ይህ ለ1,000 ተማሪ ሲካፈል ለአንዱ 36 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ያውም ለሙሉ ሴሚስተር። የተማሪው ቁጥር 70 ቢሆንስ? ለአንዱ 514 ደቂቃ ያህል፣ ማለትም ከስምንት ሰዓት ተኩል በላይ ይደርሰዋል። በ36 ደቂቃ ስምህንና መታወቂያ ቁጥርህን ትናገራለህ፣ ወረቀትህ ይፈረማል፣ ትወጣለህ። በስምንት ሰዓት ግን አማካሪህ እናትህ መታመሟን ያውቃል።

(እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ በስደት ምክንያት ያቋረጥኩ ነኝ። በተማርኩበት ግቢ አማካሪ የሚባለው መምህር በመመዝገቢያ ወረቀታችን ላይ የሚፈርም ሰው ነበር። ፊርማውን ዛሬም ባየው አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን አላስታውስም።)

የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በስድስት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ «ኤሳፕ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ገንዘቡን መጀመሪያ ያቀረበው የከተማው አስተዳደር ነው፤ ድህነትን ለመቀነስ ከያዘው እቅድ አንዱ ነበር። የፕሮግራሙ አሠራር እንደ ውል ነው። ተማሪው በሙሉ ጊዜ ይመዘገባል፤ የእንግሊዝኛ ወይም የሒሳብ ማጠናከሪያ የሚያስፈልገው ከሆነ ሳያቆይ መጀመሪያ ይወስዳል፤ አማካሪውን በየጊዜው እየሄደ ያነጋግራል፤ ረዳት መምህር ዘንድም ይማራል። መንግሥት በበኩሉ ከሌላ እርዳታ የተረፈውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ የመማሪያ መጻሕፍትን ያውሳል፤ በየወሩም የባቡርና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ በጣም ብልህ ነገር ነበር። የሚሰጠው የወሩን ግዴታ ለፈጸመ ተማሪ ስለሆነ፣ ካርዱን ሊቀበል የሚመጣ ሁሉ ከአማካሪው ጋር ይገናኛል። ዓይናፋሩም ሳይቀር ይመጣል። አንዱ አማካሪ የሚይዘው ደግሞ በጥናቱ ዘመን ከ60 እስከ 80 ተማሪ ብቻ ነበር።

ሥራው ጠቅሞ እንደሆነ እንዴት ታወቀ? ይህ ለሳይንስ ክፍል ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው። ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ አስገብቶ «እነሆ ጨረሱ» ማለት አያስተማምንም፤ ፈቃደኛው መጀመሪያውኑ ጎበዝ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ አጥኚዎቹ እጣ ጣሉ። 896 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና ማጠናከሪያ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች በእጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ኤሳፕ ገባ፤ ግማሹ በተለመደው አሠራር ቀጠለ። እጣ ጎበዝና ሰነፍ ስለማይለይ፣ በመጨረሻ የታየው ልዩነት የፕሮግራሙ ነው ማለት ይቻላል። ከሦስት ዓመት በኋላ በተለመደው አሠራር ከቀጠሉት 100 ተማሪዎች 22 ያህሉ ዲግሪ ሲይዙ፣ ከኤሳፕ ተማሪዎች ግን ከ100 ውስጥ 40 ያህሉ ያዙ።

ልብ በሉ፤ በእጣ የተለዩት ሁለቱ ወገኖች በችሎታ አንድ ነበሩ። 18ቱ ተጨማሪ ተመራቂዎች ሌላው አሠራር ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ዲግሪ የማይዙ ነበሩ። ደግሞም ሌላውን አንርሳ፤ ሁሉ ነገር ተሟልቶ እንኳ ከ100 ውስጥ 60 ያህሉ በሦስት ዓመት አልጨረሱም። ኮሌጅ ከባድ ነው።

ወጪውስ? ኤሳፕ ለአንድ ተማሪ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተለመደው ወደ 16,300 ዶላር ያህል ተጨማሪ አስወጥቷል። ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ወጪውን በተማሪ ሳይሆን በተመራቂ ብናካፍለው ርካሹ ኤሳፕ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ለምትሉ፣ ለማስረዳት ብቻ እኔ በፈጠርኩት ቁጥር እንሥራው። አንዱ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ 10,000 ያወጣል፤ ከ100 ተማሪ 20 ያስመርቃል። ጠቅላላ ወጪው 1,000,000፣ ለአንድ ተመራቂ 50,000 ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ 16,000 ያወጣል፤ 40 ያስመርቃል። ጠቅላላ ወጪው 1,600,000፣ ለአንድ ተመራቂ ግን 40,000 ነው። ውድ የሚመስለው ርካሽ ሆነ ማለት ነው። በመንግሥት ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ይህን ሒሳብ ሲያዩ ነው ገንዘብ የሚፈቅዱት፤ በልመና ብቻ አይፈቅዱም።

«ይህ ኒው ዮርክ ስለሆነ ነው» ያሉም ነበሩ። ስለዚህ የኦሃዮ ክፍለ ግዛት ሦስት ኮሌጆች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በክፍለ ግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት መሥሪያ ቤት እየተደገፉ ያንኑ ሞከሩ። ኦሃዮ ውስጥ ብዙው ተማሪ በመኪና ስለሚሄድ የባቡር ካርዱ ቀረ፤ በምትኩ ለነዳጅ ወይም ለአስቤዛ የሚሆን የመግዣ ካርድ በየወሩ ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ውጤቱ 35 በመቶ ለ19 በመቶ ሆነ። አገሩም ካርዱም ተለወጠ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

ቴኔሲ የሚባለው ክፍለ ግዛት ደግሞ በሌላ በኩል ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ የመንግሥት ኮሌጆቹን በጀት በተመዘገበ ተማሪ ብዛት ሳይሆን በውጤት መደልደል ጀመረ፤ ስንት ተማሪ ወደ ፊት ተራመደ፣ ስንቱ ተመረቀ ተብሎ ይቆጠራል። እንግዲህ ተማሪ ሲጠፋ ኮሌጁም ገንዘብ ይጠፋበታል፤ ስለዚህ ይፈልገዋል። ይህ ሐሳብ ጥሩ ቢሆንም አደጋ አለው። ኮሌጁ ደካማ መስሎ የታየውን ላለመቀበል፣ ወይም የማይገባውን ለማሳለፍ ሊፈተን ይችላል። ሕጉ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎችና ለጎልማሶች መመረቅ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጠው ይህን ለማመዛዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ «ቴኔሲ ፕሮሚስ» የተባለውን አወጁ፤ ከ2015 የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች ጀምሮ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ክፍያ ከሌላ እርዳታ የተረፈው በሎተሪ ገቢ እንዲሸፈን ተደረገ። ለእያንዳንዱ ተማሪም አንድ አማካሪ ይመደብለታል። ይህ አማካሪ ደመወዝተኛ አይደለም፤ በወር አንድ ሰዓት ያህል ጊዜውን የሚሰጥ በጎ ፈቃደኛ ነው። የባንክ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ መምህር፣ ማንም ሊሆን ይችላል። ቅጹን አስታውሰው፣ ቀኑን ንገረው፣ ሥራው ይኸው ነው። ተማሪው በበኩሉ ከእያንዳንዱ ሴሚስተር በፊት 8 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሰጣል። የበጎ ፈቃድ መምህር እንደመሆኔ ይህ ደስ ቢለኝም፣ በወር አንድ ሰዓት የሚሰጥ ሰው እንደ ኤሳፕ አማካሪ ይሆናል ብዬ አልሟገትም።

ከአትላንታ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊመረቁ ትንሽ የቀራቸው ተማሪዎች በጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ምክንያት ከምዝገባ ሲሰረዙ አየ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተማሪው ሳያመለክት ዩኒቨርሲቲው ራሱ መዝገብ እያየ የጎደለውን ትንሽ ገንዘብ መሙላት ጀመረ። «ሳያመለክት» የሚለውን አስምሩበት። እርዳታ ለምኖ የማያውቅ ልጅ ለዕዳው ቅጽ ከመሙላት ትምህርቱን መተው ይቀለዋል። ከ2012 ወዲህም የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት በኮምፒውተር እየተከታተለ፣ የማይሆን ኮርስ ሲይዝ ወይም ውጤቱ ሲያሽቆለቁል አማካሪው ቶሎ እንዲጠራው አደረገ። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ክላርክስተን ላይ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ግቢ አለው። ክላርክስተን ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች በብዛት የሰፈሩባት ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟን በደብዳቤ ፖስታ ላይ ያያችሁ ትኖራላችሁ።

እንግዲህ ወደ 12 ቁጥር እንመለስ። ወላጆች፣ እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ውጭ ያለ ልጅ ገንዘብ ይልካል። ራሽኑ ሲቀነስ፣ አባት ሲታመም፣ የታናሽ እኅት የደንብ ልብስ ሲያልቅ ስልክ ይደወላል። ልጁም ይሉኝታ አለው፤ «የለኝም» አይልም። ሥራ ቦታው ሄዶ ሌላ ፈረቃ ይጨምራል። ፈረቃው ከትምህርቱ ሰዓት ጋር ሲጋጭ አንድ ኮርስ ይጥላል። 12 የነበረው ክሬዲት 9 ይሆናል። ልጁ አንድ ኮርስ ብቻ የቀነሰ ይመስለዋል፤ በወረቀት ግን የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆኑ ቀረ። የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው እርዳታ ይቀነሳል፤ ኤሳፕና ቴኔሲ ፕሮሚስ ደግሞ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሁን ይላሉ። ከዚህም በላይ ብዙ ኮሌጆች አንድ ተማሪ ከተመዘገበበት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እንዲያልፍ፣ አማካይ ውጤቱም ከ2.0 እንዳይወርድ ይጠይቃሉ፤ ካልሆነ እርዳታው ይቆማል። እርዳታው ሲቀነስ ክፍያው ከኪሱ ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ ፈረቃ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት አንድ መቶ ዶላር የላከ ልጅ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያጣ ይችላል።

አትላኩ፣ አትጠይቁ ማለቴ አይደለም። የካምፑን ኑሮ አብረን ነው የምንኖረው። የምለው ይህን ነው፤ ስትደውሉ ገንዘቡን ከመጠየቃችሁ በፊት «ዘንድሮ ስንት ክሬዲት ይዘሃል? ፈተናሽ መቼ ነው? አማካሪሽን መቼ አገኘሻት?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ 12 ይዞ ፈተና ላይ ከሆነ፣ የሚቻል ከሆነ ጥያቄውን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አቆዩለት። አንዳንድ ወላጅ ኮሌጁ ደውዬ ውጤቱን ልጠይቅ ይላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ መሠረት የኮሌጅ ተማሪ ውጤት በአብዛኛው ያለ ራሱ የጽሑፍ ፈቃድ ለወላጅ አይነገርም። ንቀት አይምሰላችሁ። ልጃችሁን ራሱን ጠይቁት።

ለተማሪዎች ደግሞ፤ እኛ ዘንድ ቢሮ መጠራት የቅጣት ምልክት ነው። «ዳይሬክተሩ ይፈልጉሃል» የተባለ ልጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል። በኮሌጅ ግን አማካሪ ሲጠራህ ሥራው ስለሆነ ነው፤ ሳይጠራህም መሄድ መብትህ ነው። መምህርን ማስቸገር ነውር ነው የሚለውን ለእንግድነት አቆዩት። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። የወሰዳችሁትንና የቀራችሁን ኮርስ በወረቀት ጻፉ፤ ለመመረቅ ስንት ክሬዲት እንደቀረ፣ ይህ ኮርስ ለዲግሪው ይቆጠር እንደሆነ፣ ኮርስ ብጥል እርዳታዬ ይነካ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱንም ጻፉት፤ ቀኑን ጨምሩበት።

አሜሪካ ለማይሄዱትም ነገሩ ያው ነው። በእኛ አካባቢ ለስደተኛ ተማሪ በሰፊው የሚታወቀው የመንግሥት ድጋፍ «ዳፊ» የሚባለው ስኮላርሺፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጀርመን መንግሥት ገንዘቡን ሰጥቶ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እያስተዳደረው ተጀመረ። ዳፊ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪ ብቻ አይደለም፤ ክትትልና ምክርም የፕሮግራሙ ክፍል ነው። ስኮላርሺፑን ያገኘ ልጅ ገንዘቡን ተቀብሎ ምክሩን ከተወው ግማሹን ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ኬንያ ውስጥ የሚማሩ የአራተኛ ፎርም ተማሪዎች ደግሞ ለዲግሪ ትምህርት በአገሪቱ ፈተና ሲ ፕላስ እንደሚጠየቅ ከአሁኑ ይወቁ፤ ከዚያ በታች ላገኘ የዲፕሎማ መንገድ አለ፤ የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በደብተራችሁ የሚሠራ መልመጃ፤

1ኛ. አንድ አማካሪ በ15 ሳምንት ሴሚስተር በሳምንት 30 ሰዓት ተማሪ ያነጋግራል። 150 ተማሪ ቢኖረው ለአንዱ ስንት ደቂቃ ይደርሰዋል?

2ኛ. በኒው ዮርኩ ጥናት ተማሪዎቹ በእጣ ባይከፈሉ ኖሮ በውጤቱ ላይ ምን ጥርጣሬ ይነሣ ነበር? በአምስት መስመር አስረዱ።

3ኛ. ውጭ የሚማር ዘመድ ያላችሁ፣ ስንት ክሬዲት እንደያዘና አማካሪውን መቼ እንዳነጋገረ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ስሙን መጻፍ አያስፈልግም። ዘመድ የሌላችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ ተማሪ ለአማካሪው ሊያቀርባቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አዘጋጁ።

መልሳችሁን እስከ ቅዳሜ ለክፍል አለቃችሁ ስጡ። የሦስተኛውን ጥያቄ መልሶች ሰብስበን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።